ማርሹ ለምን ይጮኻል?

መስከረም 20

ለእህቴ ልጅ ለብሎኔ፣

ያለሽበትን አገር ፈጣሪ ያለምልምልሽ፣ ጣቶችሽን ከብረት ከማሽን ይሰውርልሽ። እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል እንጂ ሌላ የጎደለብኝ የለም። በልጅነትሽ ከየጋራዡ ብሎን ለቅመሽ ኪስሽን እየቀደድሽ ስታስቸግሪን፣ ይህቺ ልጅ ሌባ ልትሆን ነው ብዬ ነበር። ይኸው በሰው አገር የማርሽ ሳጥኑን፣ ካምቢዮውን፣ ፈትታ የምትገጥም ሆነች። የሾፌሮቹ መጠለያ ስቀመጥ በኩራት ደረቴ አልቻል ብሎኛል።

የምጽፍልሽ ስለ መኪናዋ ነው። ተማሪ የማመላልስባት ሚኒባስ ማርሽ አልገባ ብላኛለች። አንደኛ ሳስገባ ግርርር ትላለች። የኋላ ማርሽማ ሰፈሩን ነው የሚቀሰቅሰው። ሠላሳ ዓመት ስነዳ ማርሽ አስጩኼ አላውቅም። አሁን አሥራ አራቱም ልጆች ከኋላዬ ሆነው «ግርርር» እያሉ ይስቃሉ። በልጅ ሳቅ አይከፋም፤ እኔ ግን ከፍቶኛል።

መካኒኬን አታውቂውም፣ አንቺ ከሄድሽ ነው የመጣው። በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ስለሆነ ሾፌሮቹ ጭምቱ ብለውታል። ሴት ልጁ ትምህርት ቤት የምትሄደው ከእኔ ጋር ነው። እሱ መኪናዬን ይሠራል፣ እኔ ልጁን አደርሳለሁ፣ ሒሳብ የለንም። ወስዶ አዞራትና «ፍሪሲዮኑ ደህና ነው ጋሼ» ብሎ ዝም አለ። ደህና ከሆነ ምን ያስጮኻታል? አንቺ ካለሽበት አገር ጥሩ የፍሪሲዮን ሸራ ብትልኪልኝ ነገሩ ያልቃል።

አጎትሽ

ጥቅምት 9

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እጄ ግራሶ በግራሶ ስለነበር ፖስታውን በጥርሴ ነው የከፈትኩት። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እዚህ ጋራዥ ስምንት ነን፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት መፍቻ አቀብዪ ይሉኝ ነበር፣ ዛሬ ካምቢዮ ሲበላሽ ወደ እኔ ነው የሚገፉት።

ሸራውን ከመላኬ በፊት የሚሞክሩልኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ሁሉንም ማርሽ ያስገቡ። ጠፍቶ በቀላሉ ከገባ፣ ሲነሳ ግን ከጮኸ፣ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። ሞተሩና ማርሹ በደንብ እየተላቀቁ አይደለም ማለት ነው፤ የማላቀቁ ሥራ ደግሞ የፍሪሲዮን ነው። ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው ይንዳትና እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ያዳምጡ። ከዚያ ደግሞ ከፔዳሉ ሥር ምንጣፍ ተጠቅልሎ እንዳይሆን ይዩልኝ። አይሳቁ፣ በምንጣፍ ምክንያት ካምቢዮ ያስወረደ ሰው አይቻለሁ።

አለቃችን መኪና ሲመጣ ኮፈን አያስከፍትም። ባለቤቱ ይነዳል፣ አንዳችን አጠገቡ እንቀመጣለን። ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚታወቀው እዚያው ወንበር ላይ ነው። እኔ አጠገብዎ መቀመጥ ስለማልችል ነው በጽሑፍ የማስቸግርዎ።

ብሎን

ኅዳር 2

ለብሎኔ፣

ጤናሽ እንደ ምኞቴ ይሁን። ደብዳቤሽን መጠለያው ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አሥራ አምስት ሾፌር ሻዩን አቁሞ ነው የሰማሽ። ያ የምታውቂው ቀልደኛው ሽማግሌ «እኛ በዓይናችን አይተን የማናውቀውን እሷ ባሕር ማዶ ሆና ታውቃለች» አለ። ጭምቱም ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ጫማውን ሲያይ ዋለ።

ያልሽውን ሞክሬያለሁ። ሞተሩ ሲጠፋ አንደኛውም አምስተኛውም የኋላውም ቅቤ ላይ እንዳለፈ ቢላ ነው የሚገባው። ምንጣፉን አውጥቼ ጣልኩት፣ ያው ነው። ጭምቱ የፍሪሲዮኑን ገመድ በአዲስ ለወጠው፣ እሱም ያው ነው። ስለዚህ ሸራው ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ብቻ ቶሎ ላኪልኝ።

እዚህ ፀሐዩ ጥሩ ነው። ቤቴን ቀለም ልቀባ አስቤያለሁ።

አጎትሽ

ኅዳር 21

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለሾፌሮቹ ያነብቡላቸዋል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። አፈርኩ፣ ደግሞ እውነቱን ልናገርና ደስም አለኝ። እዚህ ማንም እንደዚያ ዝም ብሎ አይሰማኝም።

ሸራውን ዛሬ ልኬዋለሁ። ግን ሁለተኛውን ጥያቄዬን ዘለሉት። ሌላ ሰው ነድቷት ነበር? ሲነዳት ትጮኻለች? ጭምቱ ያን ቀን ወስዶ ሲያዞራት ጮኻበታለች ወይ? ይህቺን ብቻ ይንገሩኝ።

ብሎን

ታኅሣሥ 15

ለብሎኔ፣

እንኳን ወለድንሽ! ሸራው ደረሰ፣ ጭምቱ ገጠመው፣ መኪናዋ ዝም አለች። ፔዳሉም እንዴት ቀለለ መሰለሽ። ድሮ እስከ ታች ነበር የሚረገጠው፣ አሁን ከላይ ነካ ሲያደርጉት ይበቃዋል። ልጆቹ የሚያሾፉበት አጥተው ስለ እኔ ኮፍያ ጀምረዋል።

አንዲት ነገር ብቻ አለች። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ጨርቅ የተቃጠለ የሚመስል ሽታም አለ። ትላንት አንዷ ሕፃን አፍንጫዋን ይዛ «ሾፌር፣ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ፤ ሳቄ መጣ።

ካላስቸገርኩሽ ጫማ ብትልኪልኝ። ሶሉ ስስ የሆነ፣ ፔዳሉ ከሥር የሚሰማ ዓይነት። ያለኝ ጫማ ወፍራም ነው፣ ምን እንደረገጥኩ አላውቅበትም። ቁጥሬን አትረሺውም፣ 42 ነው።

አጎትሽ

ጥር 3

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምታዬን ባጭሩ ይቀበሉኝ፣ ተናድጃለሁ። ገመዱን ማን ነው እንደዚያ ያከረረው? ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ፔዳል ሲነኩት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጣት ያህል ባዶውን መውረድ አለበት። ከላይ ነካ ሲያደርጉት የሚለቅ ከሆነ፣ ሳይነኩትም ግማሽ ለቋል ማለት ነው። ዳገት ላይ የሚንሸራተተው፣ የሚሸተውም ለዚህ ነው። አዲሱን ሸራ በሦስት ወር ይበላዋል።

ልጁ ከእርስዎ ጋር እንደምትሄድ ነግረውኛል፣ ክፉ አስቦ ነው ማለት ይከብደኛል። ግን ይህ ሰው ወይ ሙያውን አያውቅም፣ ወይም እኔ የላክሁትን ሸራ ለሌላ ሰጥቶ አሮጌውን መልሶብዎታል። ከሁለት አንዱ ነው። በዝምታው አይታለሉ፤ የማያውቅም ሰው ዝም ይላል። መኪናዋን ዛሬውኑ ከእጁ ያውጡ።

ጫማውን ልኬያለሁ፣ ስስ ነው፣ እንዳሉት።

ብሎን

መጋቢት 18

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽልኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ደብዳቤሽን እንደ ወትሮው መጠለያው ውስጥ አነበብኩት። ከመጀመሬ በፊት ለብቻዬ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። «አሮጌውን መልሶብዎታል» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብል ጭምቱ በሩ ላይ ቆሟል። አላቋረጥኩም። ለምን እንዳላቋረጥኩ እኔ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እሱም እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሾፌር መኪናውን ለእሱ መስጠት አቆመ። ጋራዡን ዘግቶ አንድ በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ቤት ብየዳ ይዟል። ልጁን ግን አላስቀረብኝም። በየጠዋቱ ራሱ አምጥቶ ያስገባታል፣ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ይሄዳል።

ሌላ መካኒክ ገመዱን አላልቶልኛል። ሽታው ጠፋ፣ ጩኸቱ ግን ተመልሷል፣ ከፊቱም ብሷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንደኛ ሳስገባ መኪናዋ ዘለለችና የዘበኛውን ወንበር ጨፈለቀችው። ሰው አልነበረበትም። ዘበኛው ስቆ «ድሮም ይቆረቁረኝ ነበር» አለኝ።

የላክሽው ጫማ የግራው ጠበበኝ። የቀኙ ልክ ነው። 44 የሚሆን ብታገኚ።

አጎትሽ

መጋቢት 30

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ለማንም አያንብቡት።

የእርስዎን ደብዳቤ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር ያነበብኩት። ስለ ጫማው የጻፉትን ደጋግሜ አየሁት። አንድ እግር በሦስት ወር ሁለት ቁጥር አያድግም። አሮጌ ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ስሱን ሶል የጠየቁኝ ምን እንደረገጡ ስለማያውቁ ነው፤ ራስዎ ጽፈውታል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ሁለተኛውን ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ ዘለሉት። ጭምቱ ሲነዳት አትጮኽም፣ አይደል? ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው።

ጋሼ፣ የግራ እግርዎ ምን ሆነ?

ስለ ጭምቱም ገባኝ። ገመዱን ያከረረው እግርዎ ግማሽ ቢረግጥም እንዲለቅልዎ ነው። አለማወቅ አልነበረም። እንደ እኔ ያለ ሰው የማያስበውን አስቦ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ፣ መኪናዋን ሳልነካ፣ አጠገብዎ ሳልቀመጥ፣ አንድን ሰው ሌባ አልኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉ ነበር እናቴ፤ የተናገሩት ለእኔ ነው። አሥራ አምስት ሾፌር እንደሚሰማኝ እያወቅሁ ነበር የጻፍኩት፤ እንዲያደንቁኝ ብዬ ጭምር ነው። ዛሬ ሥራ ላይ የማንንም ዓይን ማየት አልቻልኩም።

እባክዎ ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ አይንዱ። ያ ወንበር ላይ ሰው ነበረበት ወይ ብዬ አልጠይቅም። ብቻ አይንዱ።

ብሎን

ግንቦት 11

ጋሼ፣

አርባ ቀን ጠበቅኩ። ጫማ አልላክሁም፣ አልልክምም። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካልደረሰኝ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ እጽፋለሁ። ይጥሉኝ፣ ይርገሙኝ፣ እችለዋለሁ። አሳድገውኛልና ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩት። ግን አሥራ አራት ልጆች አሉ።

ብሎን

ሰኔ 2

ለእህቴ ልጅ፣

ለኃላፊው አትጻፊ፣ ነግሬዋለሁ። እድሜ ይስጥሽ። በቁጣ አይደለም፣ ከልቤ ነው።

ከምን እንደምጀምር አላውቅም። ሁለት ዓመት ሆኖኛል ስኳር አለብህ ከተባልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አክስትሽ በሕይወት ነበረች፣ ለእሷም አልነገርኳት። በመጀመሪያ የግራ እግሬን ጉንዳን የሄደበት ይመስለኝ ነበር፣ ኋላ ጉንዳኑም ጠፋ። ማርሽ ልለውጥ ስል እግሬ የት እንዳለ ለማወቅ ወደ ታች አያለሁ። ልጆች ጭኜ፣ መንገዱን ትቼ፣ እግሬን ነበር የማየው። አንድ ቀን ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ በደም ርሷል፣ ምስማር ሶሉን በስቶ ገብቶ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ውሏል፤ እግሬ አብጦ ጫማው የጠበበኝም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሸራ ላኪልኝ ስልሽ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ግማሹን አውቃለሁ። ግማሹን ደግሞ አንቺ ሌላ ነገር ነው እንድትዪኝ ነበር የፈለግሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱን ለመኪናዋ ስፈልግ ከረምኩ። መንዳት ባቆም ምን ብለው ይጠሩኛል? ሾፌሩ ከሚለው ሌላ ስም የለኝም።

ወንበሩንም ዋሽቼሻለሁ። ዘበኛው ተቀምጦበት ነበር። አንድ ልጅ ደብተር ወድቆበት ሊያነሳለት ተነስቶ ሦስት እርምጃ እንደሄደ ነው እግሬ ከፔዳሉ የሾለከው። ሳቁም የደነገጠ ሰው ሳቅ ነበር። እኔ ግን ቀልድ አድርጌ ጻፍኩልሽ።

ግንቦት 11 የጻፍሽው በደረሰኝ ማግሥት ወደ በርና መስኮት ሠሪው ቤት ሄድኩ። ጭምቱ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ መጣ። ደብዳቤሽን ሰጠሁት፣ ያንን ለማንም አያንብቡት ያልሽውን። ቆሞ አነበበውና አጥፎ መለሰልኝ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አልኩት።

«የመጀመሪያው ቀን» አለኝ። «ይዣት ስዞር አንድም አልጮኸችም። እርስዎ ሲነዱ ግን እግርዎን አየሁት፣ ግማሽ ላይ ይቀራል።»

«ታዲያ ምነው አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ ጋሼ? አባቴ ይሆናሉ። እግርዎ አልቋል ልበልዎ?»

«ሌባ ነው ተብሎ ሲነበብስ? ያን ጊዜ እንኳን?»

መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ መሬት አኖረው። «ያን ጊዜ ብናገር ሁሉም ሰው እርስዎን ነበር የሚያየው። እኔን ቢያዩ ይሻላል አልኩ።»

ብሎኔ፣ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ ስል በሁለት እጁ ክንዴን ይዞ አቆመኝ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለ። «ልጄን ግን ከነገ ጀምሮ አልሰጥዎትም።»

ይህን ሲል ድምፁ ከፍ አለ፤ የሚበይዱት ሰዎች ዘወር ብለው አዩን። እሱም ራሱ ደነገጠ። «ቀድሞም መስጠት አልነበረብኝም» አለ ቀስ ብሎ። «በየጠዋቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እመጣለሁ። እርስዎ ሳቅ ብለው እንዴት አደርክ ይሉኛል። አፌ ይያዛል። ልጄን አስገብቼልዎ ስመለስ ቀኑን ሙሉ የአምቡላንስ ድምፅ ነው የማዳምጠው። አባት ነኝ እላለሁ እኔ?»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመን ተላቀስን። አትሳቂ።

ቁልፉን ሰጠሁት። አልፈልግም አለ፣ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ከዚያ መጠለያው ሄጄ ለሾፌሮቹ ተናገርኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፣ እግሬን፣ ወንበሩን፣ የጭምቱን ነገር፣ አንቺ የጻፍሽውን ጸጸት። ጽፌ አልነበረም፣ አፌ እንዳመጣልኝ ነው። አንዱ ብቻ ቀስ ብሎ «የእኔም ዓይን...» ብሎ ጀመረና ተወው። አሁን ጭምቱ የልጆቹን መኪና ጠዋትና ማታ ይነዳል፣ በመሐል ጋራዡን ከፍቷል። ሰው ተመልሶለታል ብዬ አላጽናናሽም። እስካሁን ሦስት መኪና ብቻ ነው የገባው። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ ነው፣ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። ለእሱ ራስሽ ጻፊለት፣ በእኔ በኩል አይሁን።

ሐኪሞቹ ቁስሉን አይተው እንደ ልጅ ተቆጡኝ። እግሩ ይተርፋል ብለዋል፣ ሁለት ጣት ግን አይተርፍም። ሐሙስ ነው የሚቆረጡት። አትደንግጪ።

ከሐኪም ቤት ስወጣ ግን የሆነውን ልንገርሽና ላብቃ። ሚኒባስ ያዝኩ። በሕይወቴ ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም፣ ጉልበቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ አያውቀኝም። ማርሽ ሲለውጥ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩት፣ ንጹሕ ነው፣ አይጮኽም። የእኔ ሰፈር ደረሰ። ቤቴን በመስኮት አየሁት። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሲሉኝ የኖርኩት ቃል ነው። ከአፌ ማውጣት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

አጎትሽ